ካምቢዮው ስንት ፈረስ ይችላል?

ገላን ጫፍ፣ ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ባለ የጋራዥ ግቢ ውስጥ ለመካኒኮች፣ ለሹፌሮችና ለመኪና ባለቤቶች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።

እንደምን ዋላችሁ? ወንበር ያላገኛችሁ ጎማዎቹ ላይ ተቀመጡ። እንደውም ከወንበሩ እነሱ ይሻላሉ።

ዛሬ የማወራው እዚህ ግቢ የሚገባ ሰው ሁሉ ስለሚጠይቀኝ ነገር ነው። አንዱ ይመጣና «ሶማሌ ተራ ጠንከር ያለ ሞተር አግኝቻለሁ፣ የኔ ኦቶማቲክ ካምቢዮ ይችለዋል ወይ?» ይላል። ሌላው ቱርቦ፣ ማለትም ለሞተሩ ተጨማሪ አየር እየገፋ የሚያስገባ ዕቃ፣ ሊያስገጥም ያስባል። ሦስተኛው በአጭሩ «ይሄ ካምቢዮ ስንት ፈረስ ይችላል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የበዛበት ምክንያት አለ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚንና የናፍታ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ ያለውን መኪና ማቆየት ግድ ሆኗል። ሞተር ሲደክም ሌላ ሞተር ይገጠማል። ካምቢዮው፣ የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያደርሰው የማርሽ ሳጥን፣ ግን ያው የድሮው ነው።

እንግዲህ መልሱን ከመነሻው ልንገራችሁ። በፈረስ ጉልበት ቁጥር የሚመልስላችሁን ሰው አትመኑት። ካምቢዮ ፈረስ አይቆጥርም። የሚያውቀው ቶርክን ነው፣ ማለትም ዘንጉ የሚጠመዘዝበትን ኃይል። ከዚያ ደግሞ ሙቀትን ያውቃል። እኛ አገር ካምቢዮ የሚገድለው ይበልጡን ሁለተኛው ነው። ወደሱ እመጣለሁ።

ሁለት የምታውቋቸውን ሞተሮች እንውሰድ። ኮሮላ ላይ ያለው 1.8 ሊትሩ ቤንዚን፣ 1ዜድዜድ፣ 130 ፈረስ ገደማ አለው። የድሮው ፕራዶና ሰርፍ ላይ ያለው 3 ሊትሩ ቱርቦ ናፍታ፣ 1ኬዜድ፣ እሱም 130 ገደማ ነው። በፈረስ ከሄድን እኩል ናቸው። በቶርክ ግን ኮሮላው 170 ኒውተን ሜትር (የቶርክ መለኪያ ነው) ገደማ ሲሰጥ ናፍታው 290 ገደማ ይሰጣል። ይህ እንዴት ይሆናል? ፈረስ ማለት ቶርክ ሲባዛ በዙር ነው። ኒውተን ሜትሩን በደቂቃ ዙሩ አባዙና ለ7,000 ገደማ አካፍሉ፣ ፈረሱ ይወጣላችኋል። ኮሮላው 130ውን የሚያገኘው በ6,000 ዙር እየጮኸ ነው። ናፍታው በ3,600 ይጨርሰዋል። ዙሩ ሲያንስ ቶርኩ መብዛት አለበት። ስለዚህ «130 ፈረስ ይችላል» የተባለ የኮሮላ ካምቢዮ ከ1ኬዜድ ጀርባ ቢገጠም ዕድሜው አጭር ነው። ቁጥሩ እኮ ያው ነው!

ፋብሪካዎቹ ይህን ስለሚያውቁ የካምቢዮውን ስም እንኳ በቶርክ ይሰይሙታል። የጀርመኑ ዜድኤፍ 8ኤችፒ45 የሚለው ስምንት ማርሽ ያለው ካምቢዮ 450 ኒውተን ሜትር፣ 8ኤችፒ70 የሚለው 700 እንዲችል ተደርጎ ነው የተሠራው። መርሰዲስ 722.6 የሚባለውን ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ በሁለት መጠን ሠራው፤ አንደኛው ስሙ ላይ 330 ተጽፎበታል፣ ሌላኛው 580። ሁለቱም ኒውተን ሜትር ናቸው። አሜሪካኖቹ ጋ ስትሄዱ ጄኔራል ሞተርስ 4ኤል60-ኢ አለ። 4 ማርሹን፣ 60 ደግሞ የጥንካሬ ደረጃውን ነው የሚያሳየው። የሚፈቀድለት የሞተር ቶርክ 490 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ታላቅ ወንድሙ 4ኤል80-ኢ ወደ 600 ይጠጋል።

ልብ በሉ፣ ይህ ቁጥር ካምቢዮው የሚሰበርበት ጣሪያ አይደለም። ፋብሪካው «በዚህ ክብደት መኪና ላይ፣ በዚህ ዘይት፣ ለብዙ ዓመት ይሠራል» ብሎ የፈረመበት ነው። 4ኤል60-ኢን ቀላል መኪና ላይ አስገብተው ከተጻፈው በላይ የሚነዱት ሞልተዋል። ያንኑ ካምቢዮ ተጎታች በሚጎትት ፒክአፕ ላይ ከተጻፈው በታች ያቃጠሉትም ሞልተዋል። ካምቢዮው አንድ፣ ኑሮው ሌላ።

ለምን እንዲህ ይለያያል? ውስጡን እንየው። ኦቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው ጥርሱ አይደለም። የፍሪሲዮን ሸራው ነው። እያንዳንዱ ማርሽ የሚያዘው በዘይት ግፊት በሚጨመቁ ቀጫጭን ሸራዎች ነው። አንድ የሸራ ቁልል የሚችለው ቶርክ በአራት ነገር ይወሰናል፦ ሸራው በሚይዝበት ጥንካሬ፣ ዘይቱ በሚጨምቀው ኃይል፣ ሸራው ከዘንጉ መሃል ባለው አማካይ ርቀት፣ በሚነካኩት ፊቶች ብዛት። አራቱ ይባዛሉ። ስለዚህ አራት ሸራ የነበረበት ቁልል ላይ አምስተኛ ማስገባት ከተቻለ አቅሙ በሩብ ያድጋል። ሸራውን የሚጨምቀው ኃይል በ20 በመቶ ቢያድግም አቅሙ በ20 በመቶ ያድጋል። ካምቢዮ የሚያጠነክሩ ሰዎች የሚሠሩት ሥራ በዋናነት ይኸው ነው። ምሥጢር የለውም።

ተገላቢጦሹ ነው እኛን የሚመለከተን። ግፊቱ በ20 በመቶ ሲወድቅ አቅሙም በ20 በመቶ ይወድቃል። ያረጀ ሲል (ዘይቱ እንዳያመልጥ የሚያሽገው ጎማ)፣ የደከመ ፓምፕ፣ የተደፈነ ፊልትሮ፣ የጎደለ ዘይት፣ ሁሉም ግፊት ይበላሉ። ሃያ ዓመት የሠራ ካምቢዮ ስሙ ላይ የተጻፈውን ያህል ይችላል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ሶማሌ ተራ የሚሸጥላችሁ ሰው «ኦሪጅናል ነው» ይላችኋል። ኦሪጅናል መሆኑንስ ኦሪጅናል ነው። ዕድሜውስ?

ስለ አንዲት ኬብል ልናገር። እዚህ ሰፈር ከማንኛውም ቱርቦ ይልቅ ካምቢዮ የጨረሰች እሷ ናት። የድሮዎቹ የቶዮታ ካምቢዮዎች፣ ለምሳሌ ብዙዎቹ ኤ340ዎች፣ ከስሮትሉ፣ ነዳጅ ሲረገጥ ለሞተሩ አየር ከሚከፍተው ዕቃ፣ ወደ ካምቢዮው የምትሄድ ኬብል አለቻቸው። ነዳጅ ስትረግጡ ኬብሏ ትሳባለች። ካምቢዮው «አሃ፣ ጭነት መጣ» ብሎ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል። አሁን ሞተር ሲቀየር ምን ይሆናል? የአዲሱ ሞተር ስሮትል ሌላ ነው። ኬብሏ አልደርስ ትላለች። መካኒኩ ላልቶ እንዲቀር ያስራታል፣ አንዳንዱም ጭራሽ ይተዋታል። መኪናው ይሄዳል። ማርሹም ለስላሳ ነው፤ ባለቤቱ «እንዴት ደስ ይላል!» ይላል። የለሰለሰው ግፊት ስለሌለ ነው። ሸራው በየማርሹ እየተንሸራተተ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ዘይቱ ጠቁሮ፣ የተቃጠለ ሽታ ይዞ ይመለሳል። ከዚያ «ሞተሩ ለካምቢዮው ከበደው» ይባላል። ሞተሩ ምን አደረገ?

በአዲሶቹ መኪኖች ይህንን ሥራ ኮምፒውተሩ ይሠራዋል። እንዲያውም አንድ ነገር ይጨምራል። ማርሽ በሚቀየርባት ቅጽበት የሞተሩን ቶርክ ለአፍታ ይቀንሳል፣ ሸራው በሰላም እንዲይዝ። ሞተር ከአንዱ፣ ካምቢዮ ከሌላው፣ ኮምፒውተር ከሦስተኛው መኪና ስታመጡ ይህ መግባባት ይጠፋል። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ 20 ፈረስ የማይሞላ ጭማሪ ካምቢዮ ሲበላ ታያላችሁ። ፈረሱ አይደለም የበላው።

የካምቢዮ ቤተሰብ ስምም አያታልላችሁ። ኤ340 የተባለው ቤተሰብ ሰርፍ ላይ አለ። ቱርቦ ሱፕራ ላይም ነበር፣ ከ430 ኒውተን ሜትር በላይ ከሚሰጠው 2ጄዜድ ሞተር ጀርባ። «እንግዲያው የኔም ይችላል» ብሎ የሚመጣ ወጣት አይጠፋም። በቤተሰቡ ውስጥ የሸራው ብዛት፣ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው) እና ቫልቭ ቦዲው (የዘይቱን ግፊት ወደየሸራው የሚያከፋፍለው) እንደ ሞተሩ ይለያያል። ስም የተጋራ ሁሉ አቅም አይጋራም።

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንምጣ። ይህን ክፍል የውጭ ሰዎች አይነግሯችሁም፣ አያስፈልጋቸውማ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል። 170 ኒውተን ሜትር የተባለው ኮሮላ እዚህ 130 ቢሰጥ ነው። ማለትም አዲስ አበባ ብቻ ያደገ የኮሮላ ካምቢዮ ፋብሪካው ያሰበለትን ሙሉ ጭነት ቀምሶት አያውቅም። «ይሄ ካምቢዮ እንዴት ጠንካራ ነው!» የምንለው አንዳንዴ አየሩ እያዘነለት ነው።

ቱርቦ ስትገጥሙ ያ ርኅራኄ ያበቃል። ሒሳቡን እንሥራው። በባሕር ዳርቻ የአየሩ ግፊት 1 ባር ገደማ ነው፣ እዚህ 0.77 ገደማ ነው እንበል። ቱርቦው በላዩ 0.5 ባር ቢጨምር 1.27 ይሆናል። የኮሮላው ቶርክ በወረቀት ከ200 ያልፋል። 130 የለመደ ካምቢዮ በአንድ ከሰዓት ውስጥ ከግማሽ በላይ ጭማሪ ተጫነበት። መኪናውን ይዛችሁ በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ስትወርዱ ደግሞ አየሩ ይወፍራል። አዋሽ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ያው ቱርቦ በያው ቅንብር እዚያ ወደ 230 ሊደርስ ይችላል። እዚህ ግቢ ዙሪያ ሞክራችሁ «ችሏል» ያላችሁት ካምቢዮ መልሱን የሚሰጣችሁ እዚያ ነው።

የከፍታው ሌላ ገጽታ ግን በተቃራኒው ይሠራል፤ ይሄኛው ብዙ ሰው ያመልጠዋል። ሞተሩ እዚህ ስለሚደክም ሹፌሩ ምን ያደርጋል? ይረግጣል። ከአዲስ አበባ በእንጦጦ በኩል ወደ ሱሉልታ ስትወጡ እግራችሁ የት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ነዳጅ ሲረገጥ የኮንቨርተሩ መቆለፊያ ይለቃል። ካምቢዮው ማርሽ ይቀንሳል፣ ይጨምራል፣ እንደገና ይቀንሳል። ኮንቨርተሩ ባልተቆለፈ ቁጥር ዘይቱ ውስጥ ይንሸራተታል። ይህ መንሸራተት በነጻ አይደለም። ሞተሩ 60 ኪሎዋት እየሰጠ ኮንቨርተሩ 15 በመቶ ቢንሸራተት 9 ኪሎዋት ወደ ሙቀት ይቀየራል። ሦስት የእንጀራ ምጣድ ካምቢዮው ሆድ ውስጥ ጣዱ እንደማለት ነው። ያንን ሙቀት የሚያወጣው ራዲያተሩ ደግሞ የሚያገኘው አየር የሳሳ ነው። ቶርኩ ቀነሰ ብለን የተደሰትነውን ሙቀቱ ይወስደዋል።

የካምቢዮ ዘይት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሲሠራ ጤነኛ ነው። በሙያው የቆየ መመሪያ አለ፤ ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። 115 አካባቢ ሲደርስ ቫልቭ ቦዲው ላይ እንደ ቫርኒሽ የሚጣበቅ ነገር ይጀምራል። ከዚያ ሲሎቹ ይደርቃሉ። ሲል ሲደርቅ ግፊት ይወድቃል፣ ግፊት ሲወድቅ ሸራ ይንሸራተታል፣ ሸራ ሲንሸራተት የበለጠ ሙቀት። ቅድም ያልኳችሁ ሒሳብ ሁሉ እዚህ ይገናኛል። ስለዚህ አንድ ሰው «ካምቢዮዬን ላጠንክር፣ በምን ልጀምር?» ሲለኝ ስለ ሸራ አላወራም። ከራዲያተሩ ፊት ለፊት የምትገጠም ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣና የሙቀት መለኪያ ግዛ እለዋለሁ። ዋጋዋ ካምቢዮ ከማውረድ ጋር አይወዳደርም። ሰው ግን መጥቶ የሚጠይቀው ስለ ቱርቦ ነው። ማቀዝቀዣ ጓደኛ አያስቀናም።

ስለ ጎማ ሁለት ቃል። ከሞተሩ የመጣው ቶርክ በኮንቨርተሩ፣ ቆሞ ሲነሳ፣ እስከ ሁለት እጥፍ ይባዛል። ከዚያ በአንደኛ ማርሽ በ2.8 ገደማ ይባዛል። የኮሮላው 170 ካምቢዮውን ሲለቅ 950 ሆኖ ነው። በቀላል መኪና ላይ ጎማው ቀድሞ ይሾራል። ጎማ ሲሾር የካምቢዮው ጭነት እዚያው ላይ ይቆማል፤ ጎማው ፊውዝ ሆነ ማለት ነው። መኪናው በሰውና በዕቃ ሲሞላ፣ ጎማው ሲሰፋ፣ ባለ አራት ጎማ ሲሆን፣ ያ ፊውዝ ይጠፋል። ሁሉም ነገር ሸራው ላይ ያርፋል። ዳገት ላይ የተጫነ ፕራዶ ከባዶ የእሽቅድምድም መኪና የበለጠ ካምቢዮ የሚቀጣው ለዚህ ነው።

እዚህ ጥቁር አፈር ላይ የምትኖሩ ደግሞ ክረምት ላይ አንድ ልማድ አላችሁ። መረሬው ሲይዛችሁ ዲ፣ አር፣ ዲ፣ አር እያላችሁ ነዳጅ ትረግጣላችሁ። ጎማው እየሾረ ማርሹ ይገለበጣል። ከዚያ ድንገት ድንጋይ ያገኛል። ያቺ አንዲት ቅጽበት የትኛውም ፈረስ የማያደርሰውን ምት ታደርሳለች። መኪናው ይቁም፣ ከዚያ ማርሹን ቀይሩ። አካፋ አይናቅም።

ጥያቄ አለ? እሺ፣ አንተ።

«ጋሼ፣ አንድ ሊትሯ ቪትዝ ላይ የ1.5 ሞተር ብናስገባስ? ካምቢዮው ይችለዋል?»

የአንድ ሊትሯ ሞተር 95 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። የ1.5ቱ 140 ገደማ። ወደ ግማሽ የሚጠጋ ጭማሪ ነው፤ ለዚያ ለትንሹ ካምቢዮ ብዙ ነው። ሞተሩን ስትገዛ ከራሱ ካምቢዮና ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አብረህ ግዛው። ሻጩ ሦስቱን ነጣጥሎ ሊሸጥልህ ይፈልጋል፣ ለሱ ያዋጣዋል። ካምቢዮው ሲቪቲ ከሆነ፣ ማለትም ማርሹ ደረጃ የሌለው ዓይነት፣ ደግሞ ጭራሽ አትንካው። እዚያ ውስጥ ሸራ ሳይሆን የብረት ቀበቶ ነው ጉልበቱን የሚሸከመው። አንዴ ከተንሸራተተ የሚዞርበትን ፑሊ ይፍቀዋል፣ ከዚያ ወዲያ ጥገና የለም። ዘይቱም የራሱ ነው፤ ተራ የካምቢዮ ዘይት የሞላ ሰው ሞተር ሳይቀይርም ይጨርሰዋል።

እህታችን፣ ቀጥይ።

«ፕራዶዬ 1ኬዜድ ነው። ጎሃ ጽዮን ወርጄ ደጀን ስወጣ ካምቢዮው ይንገራገጫል። ኢንተርኩለር ግጠሚ፣ ጉልበት ሲጨምር ይለቅሻል ብለውኛል።»

የነገሩሽ ሰዎች ኢንተርኩለር፣ ያንን ከቱርቦ የሚወጣ አየር ማቀዝቀዣ፣ ይሸጣሉ? ይቅርታ፣ መጠየቅ ስላለብኝ ነው። የዓባይ በረሃ ወንዙ ጋ 1,000 ሜትር ገደማ ነው፣ ደጀን ከ2,400 በላይ። ያን ያህል ዳገት በአንድ ትንፋሽ ነው የምትወጪው። መንገራገጩ ኦቨርድራይቩ (የመጨረሻው ፈጣን ማርሽ) እየገባ እየወጣ፣ ኮንቨርተሩ እየተቆለፈ እየተፈታ ሊሆን ይችላል። ዳገቱን ስትጀምሪ የኦቨርድራይቭ ቁልፏን አጥፊያት፣ ካስፈለገም ወደ 2 አውርጂ። አንድ ማርሽ ላይ ጸንቶ ይውጣ። ስትወርጂም እንዲሁ፣ ሞተሩ ይያዝልሽ፣ ፍሬን ብቻ አትርገጪ። ከዚያ በኋላም ከተንገራገጨ ዘይቱን እንይልሽ። ኢንተርኩለር ቶርክ ይጨምራል፤ ለታመመ ካምቢዮ ተጨማሪ ቶርክ ማዘዝ ግን ሕክምና አይደለም።

የመጨረሻ። እሺ፣ ከኋላ ያለኸው።

«አሁን የሚገቡት የኤሌትሪክ መኪኖች ካምቢዮስ?»

ብዙዎቹ አንድ ማርሽ ብቻ ነው ያላቸው፤ ፍጥነት የሚቀንስ የጥርስ ስብስብ ነው። ሸራ የለም፣ ኮንቨርተር የለም። እዚህ በብዛት የምታዩት አንዱ የቮልስዋገን አይዲ.4 ዓይነት 310 ኒውተን ሜትር ከቆመበት ጀምሮ ይሰጣል። ከቅድሙ ናፍታ ይበልጣል። ከፍታውም አይነካውም፣ አየር አይስብማ። የሚንሸራተት ነገር ስለሌለ ግን ይህ የዛሬው ጣጣ እሱ ጋ የለም። እሱ የራሱ ሌላ ጣጣ አለው፣ ለሌላ ቀን።

በሉ ተነሱ። ጥላው ሥር ያለውን ኤ340 አሁን እንፈታዋለን። ባለቤቱ «ሞተሩ ከብዶት ነው» ብሏል። መጀመሪያ ኬብሏን፣ ቀጥሎ የዘይቱን ቀለም፣ ከዚያ ፊልትሮውን ነው የምናየው። ጓንት የያዛችሁ ወደፊት ኑ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሳችሁ ደግሞ ወደ ኋላ።